ካውንስል እንደ ሸማቾች ማህበር ሊሰራ ይችላል? የብሪታኒያ ከተሞች የገቡበት ኔትወርክ ሲብራራ

“ሸማቾች ዘይት ገብቷል” ሲባል ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ታውቃላችሁ። ሰልፍ፣ መታወቂያ፣ “ስኳሩስ መቼ ነው?” የሚል ጥያቄ። ብዙዎቻችን ሸማቾችን የምናውቀው እንደ መንግስት ሱቅ ነው። ሙሉ ስሙ ግን “የሸማቾች ህብረት ስራ ማህበር” ነው። በህጉ መሰረት ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው፣ ሃላፊዎቹን የሚመርጡትም እነሱ ናቸው።

በስሙና በስራው መካከል ያለው ይሄ ክፍተት የኛ ሀገር ብቻ አይደለም። ብሪታኒያ ውስጥ የከተማ አስተዳደሮች ተሰባስበው “እኛ በህብረት ስራ እሴቶች ነው የምንሰራው” ብለው የሚፈርሙበት ኔትወርክ አለ። ስሙ “ኮኦፕሬቲቭ ካውንስልስ ኢኖቬሽን ኔትወርክ” ይባላል። ጥሩ ውጤት ያመጡ አባላት አሉ፣ ስሙን ይዘው ነዋሪያቸውን ያሳዘኑም አሉ።

ታዲያ አንድ ከተማ እንዲህ ዓይነት ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ ምን ይለወጣል? እስቲ ከስሩ እንየው። (ሌላ ካልተባለ በስተቀር ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

መጀመሪያ፦ ህብረት ስራ ሲባል ምን ማለት ነው?

ታሪኩ የሚጀምረው በሰሜን እንግሊዝ ሮችዴል በምትባል የሽመና ከተማ ነው። ጊዜው 1844 ነው። ደመወዝ ትንሽ ነው፣ ምግብ ውድ ነው፣ ነጋዴው ደግሞ ዱቄቱ ላይ ባዕድ ነገር ይቀላቅላል። (አዎ፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ የሚባለው ወሬ አዲስ አይደለም።)

28 ሰዎች ተሰባስበው በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ፓውንድ አዋጡ። ታኅሣሥ 21 ቀን 1844 ቶድ ሌን በሚባል ጎዳና ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። መጀመሪያ የሸጡት ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ነበር። በቃ።

ሱቁን ለየት ያደረገው ደንቡ ነው። አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ብዙ ገንዘብ ያስገባ ሰው ብዙ ድምፅ አያገኝም። ትርፉ ደግሞ የሚከፋፈለው እያንዳንዱ አባል ከሱቁ በገዛው መጠን ነው። ማለትም ገዢው ራሱ ባለቤት ሆነ።

ይሄ ደንብ ዓለምን ዞረ። ዓለም አቀፉ የህብረት ስራ ጥምረት በ1895 ለንደን ላይ ተመሰረተ። በ1995 ደግሞ ማንቸስተር ላይ ዛሬ የሚሰራበትን ሰነድ አፀደቀ። ሰነዱ ስድስት እሴቶች አሉት፦ ራስን በራስ መርዳት፣ ለራስ ሃላፊነት መውሰድ፣ ዴሞክራሲ፣ እኩልነት፣ ፍትሃዊነትና መተባበር። ሰባት መርሆችም አሉት። የመጀመሪያው አባልነት በፈቃደኝነት ነው የሚለው ነው። ይቺን መርህ ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ካውንስል ምንድነው?

ለንደን፣ ማንቸስተር ወይም ኤደንብራ ዘመድ ያላችሁ “ካውንስል ቤት ደረሰኝ” ሲባል ሰምታችኋል። ካውንስል ማለት የአካባቢ አስተዳደርና ምክር ቤት ነው። ቆሻሻ ያነሳል፣ ላይብረሪ ይከፍታል፣ አረጋውያንን ይንከባከባል፣ ብዙ ቦታ ላይ ቤት ያከራያል። አባላቱ በህዝብ ይመረጣሉ። ነዋሪውም “ካውንስል ታክስ” ይከፍላል።

ከ2010 በኋላ ግን ካውንስሎቹ ከባድ ጊዜ ገጠማቸው። ማዕከላዊ መንግስት ድጎማ መቀነስ ጀመረ። የሀገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መስሪያ ቤት እንዳሰላው በእንግሊዝ ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች ከመንግስት የሚያገኙት ገንዘብ በ2010/11 እና በ2017/18 መካከል፣ የዋጋ ንረቱ ታስቦ፣ በ49 በመቶ ወርዷል። ግማሽ ማለት ነው!

ኔትወርኩ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ይሄን ካልያዝን ቀሪው አይገባንም።

ኔትወርኩ እንዴት መጣ?

በ2010 የደቡብ ለንደኗ ላምቤዝ “እኛ የህብረት ስራ ካውንስል እንሆናለን” አለች። በጊዜው መሪዋ ስቲቭ ሪድ ነበር። ሃሳቡ አገልግሎትን ካውንስሉ ብቻውን ከላይ ወደ ታች እንዳይሰጥ፣ ነዋሪውም አብሮ እንዲያቅድና አብሮ እንዲሰራ ነው። ጋዜጦቹ ወዲያው “የጆን ልዊስ ካውንስል” የሚል ቅፅል ስም አወጡላት። ጆን ልዊስ በሰራተኞቹ ባለቤትነት የሚታወቅ ትልቅ የሱቅ ድርጅት ነው።

ሌሎች በሌበር ፓርቲ የሚመሩ ካውንስሎች ተከተሉ። ኔትወርኩም በ2012 ስራ ጀመረ። በነገራችን ላይ ያ ዓመት በተባበሩት መንግስታት የዓለም የህብረት ስራ ዓመት ተብሎ የተሰየመ ነበር፤ 2025ም ለሁለተኛ ጊዜ ተሰይሟል። ዛሬ ኔትወርኩ ራሱን ከፓርቲ ነፃ አድርጎ ነው የሚያስተዋውቀው። ስቲቭ ሪድ ደግሞ በመስከረም 2025 የብሪታኒያ የቤቶችና የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስትር ሆኗል። ማለትም በአንድ ሰፈር ካውንስል የተጀመረ ሃሳብ የእንግሊዝ ካውንስሎችን የሚመለከተው ወንበር ላይ ደርሷል።

ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

ሂደቱ ራሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም።

1. የካውንስሉ አመራር ወይም ምክር ቤቱ የኔትወርኩን እሴቶችና መርሆች ተወያይቶ ይቀበላል።

2. ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላል። መዋጮው ከነዋሪው ግብር የሚወጣ ስለሆነ “ምን አገኘንበት?” ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

3. ከተመራጮችም ከሰራተኞችም ጉዳዩን የሚከታተል ሰው ይመድባል።

4. የሰራውን ለሌሎች ያካፍላል፣ ከሌሎችም ይማራል። ብዙ ካውንስሎች አንድ ችግር ላይ አብረው የሚያጠኑበት “ፖሊሲ ላብ” የሚባል አሰራር አለ።

መርሆቹስ? በአጭሩ፦ ነዋሪውን በውሳኔ ማሳተፍ፣ አገልግሎትን ከተጠቃሚው ጋር አብሮ መንደፍ፣ የህብረት ስራ ማህበራትንና ማህበራዊ ድርጅቶችን ማጠናከር፣ ገንዘብ ሲወጣ ለማህበረሰቡ የሚያመጣውን ጥቅምም ማየት፣ እና የተናገሩትን በተግባር ማዋል።

ልብ በሉ፣ መግባት ህግ አይለውጥም። ኔትወርኩ ፖሊስ የለውም፣ ዳኛም የለውም። ካውንስሉ ቃሉን ባይጠብቅ ሊቀጣው የሚችለው መራጩ ብቻ ነው። ኔትወርኩ የሚሰጠው ልምድ፣ ግንኙነትና ስም ነው። ቀሪው በካውንስሉ እጅ ነው።

ሲሰራ ምን ይመስላል?

ከአባላቱ ሁለት ከተሞችን እንይ።

ፕሬስተን። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኝ ከተማ ናት። 700 ሚሊዮን ፓውንድ የሚፈጅ ትልቅ የገበያ ማዕከል ሊሰራላት ታቅዶ ነበር። በ2011 ፕሮጀክቱ ፈረሰ። ከተማዋ “ባለሀብት ይመጣል” ብላ ጠብቃ ቀረች።

ከዚያ ካውንስሉ ሌላ ጥያቄ አነሳ፦ “ገንዘብ ከውጪ እስኪመጣ ከመጠበቅ፣ አሁን እዚህ ያለው ገንዘብ የት ነው የሚሄደው?” ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊስ፣ ኮሌጅ፣ ካውንስል፦ እነዚህ በየዓመቱ ብዙ ሚሊዮን ያወጣሉ። ሲታይ በ2012/13 ከዚያ የግዢ ገንዘብ ፕሬስተን ውስጥ የሚቀረው 5 በመቶ ብቻ ነበር። ምሳው፣ ህትመቱ፣ ጥገናው ሁሉ ለሩቅ ኩባንያ ይሄድ ነበር።

ተቋማቱ ተነጋገሩ። ትልልቅ ጨረታዎችን ትናንሽ ድርጅቶች መወዳደር እንዲችሉ ከፋፈሉ። በ2016/17 ከተማዋ ውስጥ የሚቀረው ገንዘብ ወደ 18 በመቶ ደረሰ። በአጠቃላይ በላንክሸር ክልል የሚቀረው ደግሞ ከ39 በመቶ ወደ 79 በመቶ አደገ። ለዘመድ ጨረታ መስጠት ግን አይደለም፤ ከ2013 ጀምሮ የሚሰራ ህግ አለ፣ የመንግስት አካላት አገልግሎት ሲገዙ ከዋጋው ጎን ለጎን ማህበራዊ ጥቅሙንም እንዲያስቡ የሚያደርግ። ውድድሩ አለ፣ ሚዛኑ ግን ሰፋ።

ፕሊመዝ። የወደብ ከተማ ናት። በ2013 በካውንስሉ ድጋፍ “ፕሊመዝ ኢነርጂ ኮሚዩኒቲ” የሚባል የነዋሪዎች ድርጅት ተቋቋመ። ሰዎች እጣ ገዝተው አባል ይሆናሉ፤ ልክ እንደ ሮችዴሎቹ አንድ አባል አንድ ድምፅ። ድርጅቱ ትምህርት ቤቶች ጣሪያ ላይ የፀሐይ ፓነል ተከለ። በ2016 ደግሞ ኧርነስትል በሚባል ቦታ 4.1 ሜጋዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ጣቢያ ስራ ጀመረ። የመብራትና የጋዝ እዳ ለበዛባቸው ቤተሰቦችም ምክር ይሰጣል።

እዚህ የካውንስሉ ሚና ምን ነበር? ማስጀመር። መነሻ ገንዘብ፣ ጣሪያ፣ ባለሙያና ስሙን ሰጠ። ድርጅቱ ግን የአባላቱ ነው። ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው። ካውንስሉ “የኔ ነው” ብሎ ሊቀመንበር ቢሾም ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ስሙ ሲቀር፣ ስራው ሲጠፋስ?

አሁን ወደ ሌላኛው ጎን እንምጣ።

ላምቤዝ። ሃሳቡን የጀመረችው ራሷ ናት ብለናል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዚያ የፈራረሱ የካውንስል ቤቶች ውስጥ ገብተው፣ በራሳቸው ገንዘብና ጉልበት አድሰው፣ የቤት ህብረት ስራ ማህበር መስርተው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ከ30 ዓመት በላይ ኖረዋል። ካውንስሉ “የህብረት ስራ ካውንስል ነኝ” ባለበት ዘመን ነዋሪዎቹን እያስወጣ ቤቶቹን መሸጥ ጀመረ። ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ነው፤ ከሽያጩ የሚገኘው ለሌሎች ቤቶች ጥገና ያስፈልጋል አለ። ነዋሪዎቹ ደግሞ “እውነተኛዎቹ የህብረት ስራ ሰዎች እኛ አይደለንም እንዴ?” ብለው ጠየቁ።

በ2016ም ያው ካውንስል ካርኔጊ የሚባለውን የሰፈር ላይብረሪ ሲዘጋ ነዋሪዎች ከውስጥ አንወጣም ብለው ከሳምንት በላይ ተቀመጡ። እቅዱ ህንፃው ውስጥ ጂም ማስገባት ነበር። ተቃዋሚዎቹ ያነሱት ጥያቄ ቀላል ነው፦ አብረን እንወስን ካላችሁ፣ ማን ወሰነ?

ሮችዴል። ይሄኛው ልብ ይሰብራል። የህብረት ስራ እናት በምትባለዋ ከተማ ካውንስሉ በ2012 ከ13 ሺህ በላይ ቤቶቹን “ሮችዴል ቦሮዋይድ ሃውሲንግ” ለሚባል ድርጅት አስተላለፈ። ድርጅቱ ተከራዮችም ሰራተኞችም አባል የሚሆኑበት ሆኖ ተዋቀረ፤ በብሪታኒያ የመጀመሪያው ተብሎ ተወደሰ። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ከሱዳን የመጣ ቤተሰብ ይኖር ነበር። አባትየው ከ2017 ጀምሮ ግድግዳው ሻገተ ብሎ አመለከተ። ቀለም ቀባበት ተባለ። ሻጋታው ባሰ። ታኅሣሥ 2020 ሁለት ዓመት ገና የሞላው ልጁ ሞተ። በ2022 የሞት ምርመራው ሲጠናቀቅ ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡ እንደሆነ ተረጋገጠ። የድርጅቱ ዋና ስራ አስኪያጅ ተነሳ። በልጁ ስም የሚጠራ ህግም ወጣ። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ የማህበራዊ ቤት አከራዮች አደገኛ እርጥበትና ሻጋታን በተወሰነ ቀን ውስጥ መርምረው የማስተካከል ግዴታ አለባቸው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ድምፅ መስጠት ብቻውን አይበቃም። አባላት የሚመርጡት አካል ኖሮም የአንድ ተከራይ አቤቱታ ሰሚ ሊያጣ ይችላል፤ በተለይ ሰውየው ስደተኛ ከሆነና ሰርዓቱን የማያውቅ ከሆነ። ሮችዴል ላይ በመጨረሻ አከራዩን ያስገደደው የእሴት ሰነድ ሳይሆን የቀን ገደብ ያለው ህግ ነው። እሴት ያስፈልጋል፣ ግን ከጎኑ “በስንት ቀን? ማን ይጠየቃል?” የሚል ነገር ከሌለ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፅሁፍ ሆኖ ይቀራል።

ዋናው ጥያቄ፦ መንግስት “ተባበሩ” ሲል

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ መርህ ትዝ አለቻችሁ? አባልነት በፈቃደኝነት ነው።

ካውንስል ግን ፈቃደኝነት አይደለም። አካባቢው ላይ ከኖርክ ግብር ትከፍላለህ፣ “አልስማማም፣ ወጣሁ” ማለት አትችልም። ስለዚህ በጥብቅ ትርጉሙ ካውንስል ህብረት ስራ ማህበር ሊሆን አይችልም። ኔትወርኩም ካውንስሎቹ ህብረት ስራ ማህበር ሆነዋል አይልም፤ የሚለው በእሴቶቹ እንሰራለን ነው። ይሄን ልዩነት የሚያምታታ ባለስልጣን ካያችሁ ጠርጥሩ።

እኛ ይሄን ከታሪካችን እናውቀዋለን። በደርግ ጊዜ ገበሬው የአምራቾች ህብረት ስራ ማህበር ውስጥ እንዲገባ ይገፋ ነበር። መሬቱ አንድ ላይ፣ በሬው አንድ ላይ፣ ውሳኔው ግን ከላይ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው ጊዜ አላጠፋም፤ አብዛኞቹ ማህበራት በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። ያው ገበሬ ግን እድሩን አላፈረሰም፣ ደቦውንም አልተወም። መተባበር አልጠላም ማለት ነው። የጠላው ትዕዛዙን ነው።

የዛሬው የኢትዮጵያ የህብረት ስራ አዋጅ ቁጥር 985/2009 በፈቃደኝነትና በአንድ አባል አንድ ድምፅ ላይ የተመሰረተ ነው። ሸማቾች ላይ የተሰለፈ አባል ሁሉ በህጉ መሰረት ጉባኤ ላይ እጁን ማውጣት ይችላል። ስንቶቻችን ወላጆቻችንን “ጉባኤው መቼ ነው?” ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

እዚያ ለምትኖሩ፦ ድምፅ ሊኖራችሁ ይችላል

ብዙ ሀበሻ የማያውቀው ነገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ በካውንስል ምርጫ ለመምረጥ በአጠቃላይ የብሪታኒያ ወይም የኮመንዌልዝ ሀገር ዜግነት ያስፈልጋል (የአየርላንድና የአንዳንድ የአውሮፓ ሀገራት ዜጎችም ይፈቀድላቸዋል)። ኢትዮጵያ ኮመንዌልዝ ውስጥ የለችም። ስኮትላንድና ዌልስ ግን ከ2020 ወዲህ ህጋቸውን ለውጠዋል፦ በህጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ፣ ጥገኝነት የተሰጠውንም ጨምሮ፣ በአካባቢ ምርጫ መምረጥ ይችላል። ኤደንብራ ወይም ካርዲፍ ያለ ዘመድ ካላችሁ ይሄን ላኩለት፤ መመዝገብ ግን የግድ ነው።

የመምረጥ መብት የሌለው ሰውም ቢሆን የምክር ቤት አባሉን ማነጋገር፣ ጉባኤ ገብቶ ማዳመጥና አቤቱታ ማስገባት ይችላል።

አንድ ከተማ “ገባሁ” ሲል የሚጠየቁ 5 ጥያቄዎች

ለንደን ሁኑ አዲስ አበባ፣ አንድ አስተዳደር “ከህዝብ ጋር አብረን እንሰራለን” ሲል እነዚህን ጠይቁ፦

1. ሃሳባችሁን የሚጠይቋችሁ ከውሳኔ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ ማሳወቅ እንጂ ማሳተፍ አይደለም።

2. ገንዘቡ የት ነው የሚሄደው? ፕሬስተን የጀመረችው ከዚህ ነው።

3. ከዚህ በፊት በራሳቸው የተደራጁ ሰዎችን እንዴት ያዟቸው? የላምቤዝ ጥያቄ ይሄ ነው።

4. አንድ ሰው ብቻውን አቤት ሲል በስንት ቀን መልስ ያገኛል? የሮችዴል ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነው።

5. ህዝብ ስራውን ሲረከብ ገንዘቡም አብሮ ይመጣል? ባጀት ተቆርጦ “ላይብረሪውን እናንተ አስተዳድሩት” ከተባለ፣ የተሰጠው ስልጣን ሳይሆን ሸክም ነው።

ለአምስቱም ጥሩ መልስ ያለው ካውንስል ኔትወርክ ውስጥ ባይገባም ችግር የለም። መልስ የሌለው ደግሞ ቢገባም የሚለወጥ ነገር የለም። መግባቱ የሚጠቅመው በመሃል ላይ ላሉት ነው፦ መስራት ፈልገው እንዴት እንደሆነ ላልገባቸው፣ ሌላ ከተማ የሞከረውን አይተው መማር ለሚችሉት። ለነዋሪው ደግሞ አንድ ነገር ይሰጠዋል፦ “ይሄው ፈርማችኋል” ብሎ የሚያሳየው ወረቀት።

ወረቀቱን አውጥቶ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ግን ያው ወረቀት ነው። እስቲ በዚህ ሳምንት እቤት ጠይቁ፦ የሸማቾች አባል ነን? ከሆንንስ መጨረሻ የተሰበሰብነው መቼ ነው?